የተመጣጠነ ጥምድ፦ የመጀመሪያውን የጌም ኮምፒዩተር በቤት ለመገጣጠም ዕቃ ስለመምረጥ

ገበሬ ለእርሻ በሬ ሲመርጥ የእያንዳንዱን በሬ ጉልበት ብቻ አያይም፤ የሁለቱንም መመጣጠን ያያል። ጎልማሳ በሬ ከወይፈን ጋር ከተጠመደ ቀንበሩ ያጋድላል፤ ብርቱው በሬ ጉልበት እያለው በደካማው እርምጃ ለመሄድ ይገደዳል። በልዩ ልዩ ዕቃዎች ተገጣጥሞ የሚሠራ ኮምፒዩተርም ከዚህ ሕግ አይወጣም። እጅግ ውድ የሆነ የግራፊክስ ካርድ ገዝቶ ከደካማ ሲፒዩና ከርካሽ ፓወር ሰፕላይ ጋር የሚያጣምር ሰው የከፈለው ለብርቱ በሬ ሆኖ ሳለ የሚያርሰው ግን በወይፈን ነው።

ይህ ጉዳይ በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ለሚኖር ተማሪ ቀላል አይደለም። በጨለለቂም ሆነ በሌላው የነቀምቴ ሰፈር የሚገጣጠም ኮምፒዩተር አብዛኛው ዕቃው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ መንገዱም 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያልገጠመ ማዘርቦርድ ለመመለስ ያንኑ መንገድ ደግሞ መጓዝ ወይም ሰው መለመን ግድ ይሆናል። በተጨማሪም ዕቃው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከብር የመግዛት አቅም ጋር የተሳሰረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ ቤተሰብ ቆጥቦ አንድ ጊዜ የሚያወጣውን ገንዘብ በማይሆን ዕቃ ላይ ማዋል ለዓመታት የሚቆጭ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንባቢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው የሚገባውን ስሌት ማሳየት ነው።

ጌም ከኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው ምንድን ነው?

በስክሪን ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ በፍጥነት የሚፈራረቁ ምስሎች ውጤት ነው። እንቅስቃሴው ለዓይን የተስተካከለ ሆኖ እንዲታይ ብዙዎች በሰከንድ 60 ምስል ይፈልጋሉ። አንዱን ሰከንድ ለ60 ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ምስል የሚደርሰው 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ሁለት ዋና ዋና ሥራዎች መጠናቀቅ አለባቸው። በመጀመሪያ ሲፒዩ፣ ማለትም ማዕከላዊው የስሌት ክፍል፣ ተጫዋቹ የተጫነውን ቁልፍ ይቀበላል፤ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ፣ ባላጋራው ምን እንደሚያደርግ ያሰላል፤ የሚሣለውንም ነገር ዝርዝር ያዘጋጃል። ቀጥሎ ጂፒዩ፣ ማለትም የግራፊክስ ስሌት ክፍሉ፣ ዝርዝሩን ተቀብሎ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ይወስናል።

የነጥቦቹ ብዛት ቀላል አይደለም። የተለመደው 1920 በ1080 ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲሣሉ ከ124 ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ። ስክሪኑ 2560 በ1440 ከሆነ ሥራው በ1.8 እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ 3840 በ2160 ከሆነ ደግሞ በትክክል 4 እጥፍ ይሆናል። ከዚህ የምንማረው ስክሪን መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ዕቃ አለመሆኑን ነው። የጂፒዩውን ሸክም የሚወስነው በመጀመሪያ ስክሪኑ ነውና። ለመጀመሪያ ኮምፒዩተር 1920 በ1080 ስክሪን መምረጥ ለጂፒዩ የሚወጣውን ገንዘብ በብዙ ይቀንሳል።

ሲፒዩና ጂፒዩ፦ ዋናው ጥምድ

ሁለቱ ክፍሎች በአሠራራቸው ይለያያሉ። ሲፒዩ ጥቂት ግን ፈጣንና ሁለገብ የሆኑ ኮሮች አሉት፤ ለምሳሌ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ያሉት 6 ኮሮች ናቸው። ጂፒዩ በአንጻሩ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ቀላል አስሊዎችን ይይዛል፤ ራዲዮን አርኤክስ 6600 የተባለው ካርድ 1,792 አሉት። ሲፒዩ ማንኛውንም ሥራ የሚችል ባለሙያን ሲመስል ጂፒዩ ደግሞ በደቦ ወጥቶ አንድ ዓይነት ሥራ በአንድ ጊዜ የሚያከናውን የመንደር ሰው ይመስላል።

ሲፒዩው አንዱን ምስል ለማዘጋጀት 25 ሚሊሰከንድ ከፈጀበት ጂፒዩው በ8 ሚሊሰከንድ ቢሥልም ተጫዋቹ የሚያየው በሰከንድ 40 ምስል ብቻ ነው። ካርዱ ቀሪውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ነገሩ ሲገለበጥም ያው ነው። የትኛው ክፍል እንደሚያዘገይ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ፤ በጌሙ ውስጥ የስክሪኑን ጥራት ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። ፍጥነቱ ከጨመረ አዘግዪው ጂፒዩ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ግን ሲፒዩ ነው።

በአነስተኛ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ይኸውም ጂፒዩን በውስጡ የያዘ ሲፒዩ መግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ራይዘን 5 5600ጂ እና በ2024 የወጣው ራይዘን 5 8600ጂ የዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ ያለ ተጨማሪ ካርድ የእግር ኳስ ጌሞችንና ቀለል ያሉ ሌሎች ጌሞችን በመጠነኛ ጥራት ያጫውታሉ። የኤሌክትሪክ ፍጆታቸው ዝቅተኛ ሲሆን ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ካርድ ሊጨመርላቸው ይችላል። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ደግሞ ቀሪውን መግዛት ለሚገደድ ተማሪ ይህ ብልህነት ያለበት መንገድ ነው።

ማዘርቦርድ፣ ራምና ማከማቻ

ማዘርቦርድ ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያገናኝ ሰሌዳ ነው። በምርጫው ጊዜ ቀዳሚው ጥያቄ የሲፒዩው መቀመጫ ነው። ራይዘን 5 5600 እና 5600ጂ የሚቀመጡት ኤኤም4 በሚባለው መቀመጫ ሲሆን 8600ጂ ግን የሚፈልገው እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣውን ኤኤም5ን ነው። አንዱ በሌላው ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። እንዲሁም ኤኤም4 ዲዲአር4 ራምን፣ ኤኤም5 ደግሞ ዲዲአር5ን ብቻ ይቀበላል። የሁለቱ ራሞች የስንጥቅ ቦታ የተለያየ በመሆኑ በጉልበት ለማስገባት መሞከር ሰሌዳውን ከመስበር ሌላ ትርፍ የለውም።

ራምን በተመለከተ ከመጠኑ ባልተናነሰ አቀማመጡ ወሳኝ ነው። በ3200 ፍጥነት የሚሠራ አንድ የዲዲአር4 ራም በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሁለት ራሞች በተገቢው ክፍተት ሲቀመጡ በሁለት መስመር ይሠራሉና መጠኑ 51.2 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት መግዛት ይመረጣል። ጂፒዩው በሲፒዩ ውስጥ የሆነ ኮምፒዩተር የሚሥለው በዚሁ ራም ላይ ስለሆነ ልዩነቱ በእርሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጨረሻ ወራት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ የመረጃ ማዕከላት የማስታወሻ ምርቶችን በብዛት በመግዛታቸው በዓለም ገበያ የራም ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ መናሩንም ገዢው ልብ ሊለው ይገባል፤ ከሌላ ኮምፒዩተር የወጣ ደኅና ዲዲአር4 ራም የሚናቅ አይደለም።

ለማከማቻ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። በሳታ ገመድ የሚገናኝ ኤስኤስዲ ወደ 550 ሜጋባይት ሲደርስ በማዘርቦርዱ ላይ የሚለጠፈው ኤንቪኤምኢ በሺዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ያነባል። ነገር ግን ለመጀመሪያ ገዢ ዋናው ዝላይ ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ኤስኤስዲ መሸጋገሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ፍጥነት በጌም ላይ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው። ዊንዶውሱና የሚዘወተሩት ጌሞች በኤስኤስዲ፣ ፊልሙና የትምህርት ፋይሉ ደግሞ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ቢቀመጡ በቂ ነው።

መብራትና ፓወር ሰፕላይ

ወለጋ ለሀገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጩ አካባቢዎች አንዱ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው የፊንጫ ኃይል ማመንጫ የሚገኘው በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ ኃይል መመንጨቱ ብቻውን በቤት ሶኬት ላይ የማይዋዥቅ 220 ቮልት መኖሩን አያረጋግጥም። በማከፋፈያ መስመር ርዝመት፣ በትራንስፎርመር መጫንና በመብረቅ ሳቢያ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ መብራትም ይጠፋል። ስለሆነም በእኛ አካባቢ ፓወር ሰፕላይ ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። መመጠኑ እንዲህ ነው። ራይዘን 5 5600 በሥራ ላይ 90 ዋት ያህል፣ አርኤክስ 6600 ካርድ 132 ዋት፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ማከማቻና ፋኖች በድምሩ 50 ዋት ይወስዳሉ ብንል ወደ 270 ዋት እንደርሳለን። ጂፒዩ በቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ሊስብ ስለሚችል ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል፤ ትክክለኛ 500 ወይም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ለዚህ ጥምድ ይበቃል። እዚህ ላይ «ትክክለኛ» የሚለው ቃል ክብደት አለው። በርካሽ ኬዝ ውስጥ ተገጥመው የሚመጡ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ላያቸው ላይ የተጻፈውን ያህል መስጠት አይችሉም። 80 ፕላስ የሚለው ማረጋገጫ ያለው ዕቃ በ20፣ በ50 እና በ100 ከመቶ ጭነት ላይ የሚቀበለውን ኃይል ቢያንስ 80 ከመቶ ወደ ጥቅም የሚለውጥ ነው። ባለ 12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ በመለያው ላይ ማንበብም ይገባል፤ አምፔሩ በ12 ሲባዛ ለሲፒዩና ለካርዱ የሚደርሰውን እውነተኛ ዋት ይሰጣልና።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምን ይሆናል? ደኅና ፓወር ሰፕላይ በውስጡ ባሉት ካፓሲተሮች ያከማቸውን ኃይል እየሰጠ ማሽኑን በሙሉ ጭነት 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ያቆየዋል፤ ይህም በጌም አንድ ምስል ለመሣል የሚፈቀደውን ጊዜ ያህል ነው። ብዙዎቹ ዩፒኤሶች ወደ ባትሪ ለመሻገር የሚፈጅባቸው ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ማሽኑ መቋረጡን ሳያውቀው ይሻገራል። ጥራት የሌለው ፓወር ሰፕላይ ግን ይህችን ጊዜ መታገሥ አቅቶት ዩፒኤስ እያለም ሊጠፋ ይችላል።

ዩፒኤስ ሲገዛ ቪኤ እና ዋት የተለያዩ መሆናቸውን መርሳት አይገባም። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ በተለምዶ የሚችለው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ከላይ የመጠንነው ኮምፒዩተር በፓወር ሰፕላዩ ብክነትና በስክሪኑ ላይ ተደምሮ ከሶኬት ወደ 340 ዋት ይስባል። በዩፒኤሱ ውስጥ ያለው የተለመደው ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። በሒሳብ ደረጃ ይህ ለ15 ደቂቃ ይበቃል፤ ባትሪ በፍጥነት ሲራገፍ ሙሉ አቅሙን ስለማይሰጥ ግን በተግባር ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይገኛሉ። ስለሆነም የዩፒኤስ ተግባር ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ መስጠት እንጂ በጨለማ ማጫወት አይደለም። ካርድ የሌለው የ5600ጂ ኮምፒዩተር ግን ከነስክሪኑ የሚስበው ከዚህ ግማሽ ገደማ በመሆኑ በዚያው ባትሪ ከእጥፍ በላይ ይቆያል።

ሌላው ጉዳይ የመሬት መስመር ነው። የቤቱ ሽቦ ከመሬት ጋር ካልተገናኘ ወይም ዲቫይደሩ ሦስተኛው ሽቦ ከሌለው የኬዙን ብረት የሚነካ ሰው ቀላል ንዝረት ይሰማዋል። ምክንያቱ በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች የኬዙን ብረት በ110 ቮልት አካባቢ እንዲንሳፈፍ ማድረጋቸው ነው። ፍሰቱ በጣም ጥቂት ቢሆንም ንዝረቱ መሬት የሌለ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነውና በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማሠራት ይገባል። በክረምት ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ ማጥፋት ብቻ በቂ ስላልሆነ ሶኬቱን መንቀል ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ ሲመጣም ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ልማድ ሊሆን ይገባል።

ከፍታና ሙቀት

ኮምፒዩተር የሚወስደውን ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ያንን ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው አየር ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,088 ሜትር ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሯ ግፊት ከባሕር ወለሉ 78 ከመቶ ያህል ነው። ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚገፋው የአየር ይዘት በሜትር ኪዩብ ሲለካ ያው ቢሆንም አየሩ ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል።

ስሌቱን እንሥራው። ኬዙ 250 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ፋኖቹም በሰከንድ 0.02 ሜትር ኪዩብ አየር ያስገባሉ እንበል። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን የሚያልፈው አየር በሰከንድ 0.024 ኪሎ ግራም ነው። የአንድ ኪሎ ግራም አየርን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለመጨመር 1,005 ጁል ስለሚያስፈልግ አየሩ ሲወጣ ከገባበት በ10 ዲግሪ ያህል ይበልጣል። በነቀምቴ ይኸው ልዩነት 13 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከፍ ባለችው በሻምቡ ከዚህ ይበልጣል፤ ዝቅ ባለችው በደምቢ ዶሎ ደግሞ ያንሳል።

ይህ ግን ለጭንቀት የሚዳርግ አይደለም። የወይና ደጋው አየር በራሱ ቀዝቃዛ መሆኑ ስስነቱን ይክሳል። በነቀምቴ ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን አየሩ በ33 ዲግሪ ይወጣል፤ በሞቃታማ የወደብ ከተማ ክፍሉ 35 ዲግሪ ቢሆን ግን በ45 ዲግሪ ይወጣል። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ፊቱ በመስተዋት ከተደፈነ ኬዝ ይልቅ ፊቱ ወንፊት የሆነውን መምረጥ፣ አንድ ፋን ከፊት ለማስገቢያ፣ አንድ ከኋላ ለማስወጫ ማድረግ፣ በበጋ አቧራ የሚደፈነውን ወንፊትም በየወሩ ማጽዳት ነው።

ከፍታ በሌላ መንገድም ይነካል። አየር በኤሌክትሪክ መስመሮች መካከል መከላከያ ሆኖ ያገለግላል፤ ግፊቱ ሲቀንስ በጠባብ ክፍተት መካከል ብልጭታ በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ፓወር ሰፕላዮችና ቻርጀሮች ላይ የተራራ ሥዕልና «2000 ሜ.» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 እጥፍ እንዲሰፋ ስለሚያዝ በ2,088 ሜትር ላይ ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው፤ ሆኖም 5,000 ሜትር የተጻፈበትን ዕቃ ማግኘት ከተቻለ እርሱ ይመረጣል። ሃርድ ዲስክም የሚያነበው ጭንቅላቱ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ስለሆነ አምራቾች በአብዛኛው 3,000 ሜትር አካባቢ ወሰን ያደርጉለታል፤ ኤስኤስዲ ግን እንዲህ ዓይነት ተንቀሳቃሽ አካል የለውም።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር

በሀገራችን ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያው የጌም ኮምፒዩተር ከውጭ ቢሮ ወጥቶ የመጣ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። ይህ መንገድ ገንዘብ ቆጣቢ ቢሆንም የራሱ ወጥመዶች አሉት።

የመጀመሪያው የኃይል ወጥመድ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን የመሰሉ ማሽኖች ማዘርቦርዳቸው የተለመደውን ባለ 24 ፒን ሳይሆን ባለ 8 ፒን መሰኪያ ስለሚጠቀም ፓወር ሰፕላዩን በሌላ መተካት ልዩ አገናኝ ገመድ ይፈልጋል። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ ኃይል የሚወስድ ካርድ መምረጥ ይቀላል፤ መሰኪያው የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና ብዙዎቹ የጂቲኤክስ 1650 ዓይነቶች በዚህ ወሰን ውስጥ ናቸው። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነውን ዓይነት መፈለግ የግድ ነው።

ሁለተኛው የትውልድ ወጥመድ ነው። እንደ ኮር አይ5-3470 ያሉ የኢንቴል ሦስተኛ ትውልድ ሲፒዩዎች ኤቪኤክስ2 የተባለውን የትእዛዝ ስብስብ አያውቁም፤ አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ያለ እርሱ ጭራሽ አይከፈቱም። አራተኛው ትውልድ፣ ለምሳሌ ኮር አይ5-4590፣ ያውቀዋል። ሁለቱም ግን ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ውስጥ አይደሉም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ሦስተኛው የመስመር ወጥመድ ነው። ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚጠቀመው 4 የመረጃ መስመሮችን ብቻ በመሆኑ በአዲስ ማዘርቦርድ ደኅና ሲሠራ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ በግልጽ ይቀንሳል።

ገበያ ላይ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት

ዕቃውን ሳይፈትሹ መክፈል በመንገዱ ርቀት ምክንያት በጣም ያስከፍላል። በገበያ ላይ የቆየ ደካማ ካርድ ስሙ በሶፍትዌር ተለውጦ እንደ አዲስ ይሸጣል፤ ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን እንዲህ ያሉ ካርዶች ያጋልጣል። ፈርማርክ በተባለው ፕሮግራም ካርዱን ለ15 ደቂቃ ማስጨነቅ፣ ሙቀቱን መከታተል፣ በስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጥቦችና መስመሮች መኖር አለመኖራቸውን ማየት ተገቢ ነው። ሜምቴስት86 ራምን ይፈትሻል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ደግሞ ማከማቻው ስንት ሰዓት እንደሠራና ምን ያህል እንደተጻፈበት ይናገራል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ፍላሽ ይዞ ወደ ገበያ የሚሄድ ተማሪን ሻጭ አያታልለውም።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ማሽን

አንድ ዘመናዊ ጌም 80 ጊጋባይት ቢመዝንና የመስመሩ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢሆን ለማውረድ 18 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም መስመሩ ሳይቋረጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ፣ በተለይም በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ወራት ያህል ተቋርጦ እንደነበር የሚታወስ ነው። ያን ጊዜ ትልቁ ችግር የጌም እንዳልነበር ግልጽ ነው። ነገር ግን ለኮምፒዩተር ባለቤት የሚተወው ትምህርት አለ፤ የዊንዶውሱን መጫኛ፣ የማዘርቦርዱን፣ የኔትወርኩንና የካርዱን ድራይቨሮች፣ የመማሪያ ፋይሎችንም በተለየ ዲስክ ማስቀመጥ ያሻል። ጌም ሲመረጥም ያለ ኢንተርኔት ሊከፈት የሚችለውን ማስቀደም ይበጃል።

ስለ መገጣጠሙ በአጭሩ

መገጣጠሙ ከመምረጡ ይቀላል። ፓወር ሰፕላዩ ከሶኬት ተነቅሎ፣ የሰውነት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ በየጊዜው የኬዙ ብረት እየተነካ ይሠራል። በመጀመሪያ ሲፒዩ፣ ራምና ማቀዝቀዣው ከኬዝ ውጪ በማዘርቦርዱ ላይ ይገጠማሉ፤ በሲፒዩው ጀርባ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል የሙቀት ቅባት ትደረጋለች። ቅባቱ ጥቃቅን የአየር ክፍተቶችን የሚሞላ እንጂ እንደ ዳቦ ማርማላታ የሚቀባ አይደለም። ይህ ስብስብ ወደ ኬዝ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ተከፍቶ ቢታይ ስሕተት ካለ በቀላሉ ይገኛል። ካርዱ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ የስክሪኑ ገመድም የሚሰካው በማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በካርዱ ላይ ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ

እንዲህ ያለው ወጪ ለጨዋታ ብቻ ይገባልን? ብለው የሚጠይቁ ወላጆች ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቀዋል፤ መልስም ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው አሌክስ ክሪዜቭስኪ ከኢልያ ሱትስኬቨርና ከመምህራቸው ከጄፍሪ ሂንተን ጋር አሌክስኔት የተባለውን ሥዕል ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሠራ። 1.2 ሚሊዮን ሥዕሎችን ያሠለጠኑበት ማሽን እያንዳንዳቸው 3 ጊጋባይት ማስታወሻ ያላቸው ሁለት ጂቲኤክስ 580 የጌም ካርዶች የተገጠሙለት ኮምፒዩተር ነበር፤ ሥራውም ከ5 እስከ 6 ቀን ፈጀ። ማሽኑ የተቀመጠው በወላጆቹ ቤት፣ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ነበር። የዛሬው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ግስጋሴ ከሚቆጠርባቸው መነሻዎች አንዱ ይኸው ነው።

በሀገራችንም የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን የመሰሉ ጌሞች ለእጅ ስልክ አዘጋጅቶ አቅርቧል። ብሌንደርና ጎዶት የተባሉት የሥዕልና የጌም መሥሪያ ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ የሚፈልጉትም ጌም የሚፈልገውን ያንኑ ሲፒዩ፣ ራምና ጂፒዩ ነው። የምሕንድስና ንድፍ የሚሥል፣ የሒሳብ ሞዴል የሚያሰላ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በዚሁ ማሽን ይሠራል። ወደ ማሽን ትምህርት ለማዘንበል ያሰበ ተማሪ ካርድ ሲመርጥ ብዙዎቹ የዘርፉ ፕሮግራሞች ከሁሉ በፊት የሚደግፉት የኤንቪዲያን ካርዶች መሆኑን ቢያስብ ይጠቀማል።

ስለዚህ ገዢው ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። በመጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ የሚጫወተውንና የሚሠራውን፣ ከዚያም የቤቱን መብራት ይጻፍ። ዋቱን ይደምር፣ መቀመጫውን ያመሳስል፣ ራሙን ከማዘርቦርዱ ጋር ያስተያይ። ድምሩ ከኪሱ በላይ ከሆነ የሚቀነሰው ካርዱ ይሁን እንጂ ፓወር ሰፕላዩ አይሁን፤ ካርድ በሚቀጥለው ዓመት ሊጨመር ይችላል፣ በመጥፎ ፓወር ሰፕላይ የተቃጠለ ማሽን ግን እንደገና ከ330 ኪሎ ሜትር ይጀምራል።